ድንጋይ ያበቀለው ሰው፦ ኦጉስት ቬርነይ

በብዙዎቻችን ቤት፣ ከአንዱ መሳቢያ ውስጥ፣ መሥራት ያቆመ አሮጌ የእጅ ሰዓት አይጠፋም። ያ በየማለዳው በጣት የሚሞላው ዓይነት ነው። ፊቱን አስተውሎ ላየው ከፋብሪካው ስም ሥር 17 ጁዌልስ የሚል ጽሑፍ አለበት፤ አሥራ ሰባት የከበሩ ድንጋዮች ማለት ነው። ነጋዴ ያጋነነው ይመስላል እንጂ ነገሩ እውነት ነው። በሰዓቱ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከሩት ጥርሶች ዘንጋቸው የሚያርፈው በጥቃቅን ቀይ ሩቢዎች ላይ ነው፤ ሩቢ ከብረት ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበላም። እነዚያ ሩቢዎች ግን ከበርማ ተራሮች ተቆፍረው የመጡ አይደሉም። ሰው በእሳት ያበቀላቸው ናቸው። ዘዴውን ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦጉስት ቬርነይ ነው፤ በዚህ እትም የምናነሣው የእሱን ሕይወት ነው።

እኛ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ነን። የኬሚስትሪ ተማሪ ጓደኞቻችን ይህን ሲያነቡ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም፤ ይበሉ። የሰውየውን ታሪክ ደጋግመን ስናነብ ግን ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹንም አየን። ሎሌ ሆኖ የገባ ልጅ እንዴት መምህር እንደሚሆን፣ የደቀ መዝሙር ሥራ በማን ስም እንደሚጠራ፣ አንድ ነገር እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም ብሎ የሚፈርደው ማን እንደሆነ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተገኘ።

ቬርነይ የተወለደው በሰሜን ፈረንሳይ፣ በወደብ ከተማዋ በደንከርክ፣ ኅዳር ወር ሊገባ ሲል በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 3 ቀን 1856 ነው። 17 ዓመት ሲሞላው በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ኤድሞን ፍሬሚ ረዳታቸው አድርገው ወሰዱት። ረዳት ሲባል የዛሬውን የምርምር ረዳት አናስብ። እሳት የሚጠብቅ፣ ዱቄት የሚፈጭና የሚመዝን፣ ብርጭቆ የሚያጥብ ልጅ ማለት ነው። ዲግሪ አልነበረውም። ያንን ያገኘው እየሠራ ነው፤ የመጀመሪያውን በ1875፣ ሁለተኛውን በ1880፣ ዶክትሬቱን በ1886። እሳት ከመጠበቅ እስከ ዶክትሬት 13 ዓመት። ቀን እየሠሩ ማታ የሚማሩ፣ ለመኺና አንድ ዓመት፣ ለፕሲኾሜትሪ ሌላ ዓመት የከፈሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ቁጥር ከእኛ በተሻለ ያነቡታል።

ፍሬሚ ለረጅም ዘመን አንድ ነገር ይዟቸው ነበር፤ ሩቢን በሰው እጅ መሥራት። ሩቢ ምን እንደሆነ በዚያ ጊዜ ይታወቅ ነበር። አሉሚኒየም የተባለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ይሆናል፤ ነጭ ዱቄት ነው፣ ርካሽ ነው። ይኸው ዱቄት ቀልጦ ወይም ሟሙቶ በሥርዓት ሲደረደር፣ ቅንጣቶቹ ወታደር እንደተሰለፈ ሲሰለፉ፣ ቀለም የሌለው ጠንካራ ክሪስታል ይወጣዋል። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ክሮሚየም የተባለ ሌላ ብረት በመካከሉ ሲገባ ቀይ ይሆናል፤ ሩቢ ተባለ ማለት ነው። አሠራሩ በወረቀት ላይ የቡና ማፍላት ያህል ቀላል ነው። ችግሩ ያ ዱቄት ለመቅለጥ ከ2000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መፈለጉ ነው። በዚያ ዘመን ያንን ሙቀት የሚሰጥ ምድጃ፣ ያንን ሙቀት የሚችል የሸክላ ዕቃም አልነበረም።

ስለዚህ ፍሬሚ በቀጥታ ከማቅለጥ ይልቅ ማሟሟትን መረጡ። ጨው በውኃ እንደሚሟሟ፣ የአሉሚኒየም ኦክሳይድም በሌላ የቀለጠ ነገር ውስጥ ይሟሟል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ክሪስታል ይሆናል። በ1877 ፌይ ከሚባል የመስታወት ባለሙያ ጋር በእርሳስ ኦክሳይድ ሞክረው ቀያይ ቅርፊቶች አገኙ፤ ስስና ተሰባሪ ነበሩ። ቬርነይ አድጎ የሥራ ባልደረባቸው ሲሆን ደግሞ ሁለቱ በባሪየም ፍሎራይድ ሞከሩ። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የሸክላው ዕቃ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው መሆን ነበረበት፤ የአየሩ እርጥበት በቀዳዳው እየገባ ከፍሎራይዱ ጋር ሲገናኝ ነው ክሪስታሉ የሚያድገው። ምንም የማያስገባ ጥሩ ዕቃ ቢጠቀሙ ኖሮ ምንም አያገኙም ነበር። ምድጃው ለቀናት ሲነድ ይሰነብትና ዕቃው ሲሰበር ውስጡ በጥቃቅን ሩቢዎች ተሞልቶ ይገኛል፤ እያንዳንዳቸው ጥርት ያሉ፣ ጠርዛቸው የተስተካከለ፣ የሚያንጸባርቁ። ግን ደቃቅ ናቸው። አንድ ካራት፣ ማለትም አንድ አምስተኛ ግራም የሚሞላ አልነበረም። ለጌጥ ሠሪ ብዙም የማይረባ፣ ለሳይንቲስት ግን ሀብት ነው።

ሀብትነቱ በብርሃኑ ነው። ሩቢ የማይታየው የፀሐይ ብርሃን፣ ማለትም አልትራቫዮሌት ሲመታው፣ ከውስጡ የራሱን ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ከውጭ የተቀበለውን መመለሱ አይደለም፤ አንዱን ዓይነት ብርሃን ውጦ ሌላ ዓይነት ብርሃን ይተፋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የገንዘብ ኖት መመርመሪያ መብራት ቢበራበት እንደ ፍም ይቀላል። በዚያው በፓሪስ ሙዚየም የፊዚክስ መምህር የነበረው ኤድሞን ቤከሬል ለዚህ ጥናት የራሱን መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ድንጋዩ ለሺህኛ ሰከንዶች ያህል ማብራቱን ሲቀጥል የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ቤከሬል ያ ቀይ ብርሃን የራሱ የአሉሚኒየም ኦክሳይዱ ነው ይል ነበር። ጋሊየም የተባለውን ንጥረ ነገር ያገኘው ለኮክ ደ ቧቦድራን ደግሞ አይደለም አለ፤ የሚያበራው በውስጡ የተደበቀው ጥቂት ክሮሚየም ነው፣ ፍጹም ንጹሕ ኦክሳይድ እንዲህ አያበራም አለ። በ1886 እና በ1887 ክርክሩ በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ፊት ሞቀ፤ ከለንደንም ዊልያም ክሩክስ ገባበት።

ቬርነይ በዚያው ጊዜ በዚያው ሰፈር በሌላ የሚያበራ ነገር ላይ ይሠራ ነበር። በገበያ ላይ ከባሕር እንስሳ ቅርፊት የሚሠራ አንድ ዱቄት ነበረ፤ ቀን ብርሃን ጠጥቶ ማታ በሐምራዊ ብርሃን ያበራል። ሌሎች ቅርፊቱን ወስደው ቢሞክሩ ያን ያህል የሚያበራ አልወጣላቸውም። ቬርነይ ዱቄቱን በትዕግሥት ለያይቶ መረመረውና ምሥጢሩን አገኘ፤ በጣም ጥቂት ቢስሙዝ የተባለ ብረት ተቀላቅሎበታል፣ ጥቂት ተራ ጨውና ሶዳም አሉበት። ቢስሙዙ ከሌለ ያ ብርሃን የለም። ስለ ሩቢም የኋላው ዘመን የፈረደው ለለኮክ ነው፤ የሚያበራው ክሮሚየሙ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ቆሻሻ ተብሎ የሚጠራው ነገር ብርሃኑ ራሱ መሆኑን መቀበል ለታላላቆቹ ቀላል አልነበረም። እዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ እናልፈዋለን።

በ1886 ገደማ ሌላ ነገር ተነሣ። ጄኔቫ ሩቢ የሚባሉ ትልልቅ ቀያይ ድንጋዮች ወደ ገበያ መጡ፤ ከምድር እንደወጡ ሆነው በውድ ይሸጡ ነበር። ድንጋዮቹን በማጉያ ሲያዩአቸው ክብ ክብ የአየር አረፋዎች ተገኙባቸው። በእሳት የቀለጡ ናቸው። ነጋዴዎች ደነገጡ፣ ተከራከሩ፣ ገዢዎች ገንዘባቸውን ጠየቁ። ሌላው ሰው ማታለሉን ሲያወግዝ ቬርነይ የተመለከተው ሌላ ነገር ነው። አንድ ያልታወቀ ሰው የአሉሚኒየም ኦክሳይድን ያለ ሸክላ ዕቃ፣ በቀጥታ በነበልባል አቅልጦታል። እንግዲያው ይቻላል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሠራው ሥራ በእጅ ጥበብ የሚያድር ሰው ሥራ ነው። በጎንደርና በትግራይ መንደሮች አያቶቻችን ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ጎረቤቱ ማረሻውን ይፈልግ ነበር፣ እሳቱን ግን ይፈራ ነበር፤ ቡዳ እያለ ማታ ደጁን ይዘጋ ነበር። በወናፍ ፊት ያደገ ሰው ብረቱ መቼ እንደደረሰ በቀለሙ ያውቃል፤ ይህን ዕውቀት ማንም ዕውቀት ብሎ አልጻፈለትም። ቬርነይ ጻፈው። ነበልባል ሁሉ አንድ አይደለም፤ ኦክስጅን የበዛበት ቦታ በጣም ይሞቃል፣ ድንጋዩም ይፈላና አረፋ ይይዛል። የሚነደው ጋዝ የበዛበት ቦታ ግን ለስለስ ያለ ነው፤ ድንጋዩን እዚያ ማሳደግ ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ ዓመታት ፈጀበት።

መሣሪያውን እንግለጽ። ቁልቁል የተዘቀዘቀ የእሳት ቧንቧ ነው፤ በመካከሉ ኦክስጅን፣ በዙሪያው የሚነድ ጋዝ ይወርዳል። ከላይ በትንሽ ወንፊት የተቋጠረ በጣም የደቀቀ የአሉሚኒየም ኦክሳይድና የክሮሚየም ዱቄት አለ። ትንሽ መዶሻ በየጊዜው ጠቅ ሲያደርገው ጥቂት ዱቄት ይረግፋል፤ ከኦክስጅኑ ጋር በነበልባሉ መካከል ሲወርድ ይቀልጣል፣ ከታች ባለው እሳት በሚችል ድንጋይ ላይ ያርፋል። እንደ ጤፍ ዱቄት በወንፊት መንፋት ያለ ነገር ነው፤ ግን የሚነፋው በ2000 ዲግሪ እሳት ላይ ነው።

ትልቁ ብልኃት ከታች ነው። የቀለጠው ድንጋይ ከመቀመጫው ጋር በሰፊው ከተጣበቀ፣ ሲቀዘቅዝ አንዱ ሌላውን ይስበዋል፣ ይሰነጠቃል። ቬርነይ በመጀመሪያ እንደ ክር ቀጭን እግር ብቻ እንዲበቅል አደረገ፤ ከዚያ የዱቄቱን መውረድና እሳቱን እያበዛ እግሩ ላይ ራሱ እንዲሰፋ አደረገ። በእግሩ የቆመ እንጉዳይ እንዲህ ይመስላል። ድንጋዩ ሽፋን በሽፋን፣ ከታች ወደ ላይ ያድጋል፤ ጫፉ ሁልጊዜ ቀልጦ የሥሩ ክፍል ይጠነክራል። ያደገውን ድንጋይ ቡል አሉት፤ በፈረንሳይኛ ኳስ ማለት ነው። በሁለት ሰዓት ገደማ ከ12 እስከ 15 ካራት የሚመዝን አንድ ቡል ይወጣል። እግሩ ሲቀነጠስ ቡሉ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ታምቆ የቆየው ውጥረት ሲለቀቅ ነው። ሠሪዎቹ ይህን ስብራት አይጠሉትም፤ ሁለቱ ግማሾች ከዚያ በኋላ ሳይሰነጠቁ ይቀረጻሉና።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንመለስ። በ1891 ፍሬሚ ስለ ሩቢ ሥራቸው መጽሐፍ አሳተሙ፤ በዚያ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ስለሚያድጉት ደቃቅ ክሪስታሎች። በዚያው ዓመት ቬርነይ ስለ ነበልባሉ ዘዴ የጻፈውን ወረቀት በፖስታ አሽጎ ለሳይንስ አካዳሚው አስረከበ፤ በ1892 ሌላ ጨመረበት። በፈረንሳይ እንዲህ ያለ ልማድ አለ። አንድ ሰው ያገኘውን ነገር ገና ለመግለጥ ካልፈለገ፣ ታሽጎ ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥለታል፤ ኋላ ማን ቀደመ የሚል ክርክር ቢነሣ ፖስታው ይመሰክራል። የእሱ ፖስታዎች እስከ 1910 አልተከፈቱም።

ለምን ዝም አለ? የዘዴው አንዳንድ ነገር ገና አልተስተካከለለት ይሆናል። እኛ ግን ሌላም ነገር ይታየናል። መምህሩ የ77 ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው በሚያምር መጽሐፍ ወጥቷል። በ17 ዓመቱ እሳት ጠባቂ አድርገው የወሰዱት ልጅ በዚያው ሳምንት ተነሥቶ የእርስዎ መንገድ አይደለም፣ መንገዱ ይህ ነው ይላል? ሽማግሌ ፊት ቃል መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ ባደግንበት ቤት እናውቃለን። ፍሬሚ በ1894 አረፉ። ቬርነይ ሥራውን በአደባባይ የተናገረው በ1902 ነው፤ ዝርዝሩን ቧንቧውን፣ ወንፊቱን፣ መዶሻውን ሳይደብቅ ያሳተመው በ1904። ይህ ግምታችን ነው፤ የተለየ የሚያስብ አንባቢ ይጻፍልን።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ሄደ። በ1907 በዚህ ዘዴ የተሠራው ሩቢ በዓመት 1000 ኪሎ ደረሰ፤ 5 ሚሊዮን ካራት ማለት ነው። ብዙው በሰዓት ውስጥ ገባ። የቀረው ወደ ቀለበትና ወደ ጉትቻ ሄደ፤ የሠራተኛ ሚስትም ቀይ ድንጋይ ልታደርግ ቻለች። የተፈጥሮ ሩቢ ነጋዴዎች ተቆጡ። ጥያቄው የሚያስቸግር ነበር። ከበርማ የመጣውና ከፓሪስ ምድጃ የወጣው በኬሚስት ሚዛን አንድ ናቸው፤ ያው አሉሚኒየም፣ ያው ኦክስጅን፣ ያው ክሮሚየም። ክብደታቸው አንድ፣ ጥንካሬያቸው አንድ፣ ብርሃናቸውም አንድ ዓይነት ነው። የሚለያቸው ታሪካቸው ብቻ ነው። በማጉያ የሚያይ ባለሙያ በምድጃው ድንጋይ ውስጥ የታጠፉ መስመሮችን ያገኛል፤ ሽፋን በሽፋን ሲያድግ የቀሩ ምልክቶች ናቸው። በተፈጥሮው ውስጥ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።

እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም፣ ማስረጃህን አምጣ፣ ባለሙያ ይየው። ይህ ቋንቋ ለእኛ ቤት እንግዳ አይደለም። ወላጆቻችን ሱዳንን በእግራቸው አልፈው ከመጡ በኋላ በ1985 አይሁድነታቸውን ለመጠራጠር በሚጠይቀው ሥርዓት ፊት ኢየሩሳሌም አደባባይ ተቀምጠው ተቃውመዋል። ንጽጽሩን ግን አንገፋውም። ነጋዴው ድንጋዩን መጠየቁ መብቱ ነው፤ ለገዢው እውነቱን መናገር አለበትና። ሰው ግን በማጉያ አይታይም።

ሌላ ቃልም በመንገዳችን አለ። በኦሪት ዘጸአት ሊቀ ካህናቱ በደረቱ ላይ ከሚያኖራቸው 12 ድንጋዮች የመጀመሪያው በዕብራይስጥ ኦዴም ይባላል። ዛሬ በዚህ አገር ሩቢ የሚባለው በዚሁ ቃል ነው። የጥንቱ ድንጋይ የአሁኑ ሩቢ ስለመሆኑ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ቀይ መሆኑን ግን ስሙ ራሱ ይናገራል።

ቬርነይ በ1892 በሙዚየሙ የተግባራዊ ኬሚስትሪ መምህር ሆነ። በ1905 ወደ ፓሪሱ የጥበባትና የእጅ ሙያዎች ኮንሰርቫቷር ተዛወረ። ይህ ቤት ለሠራተኞችና ለባለ እጆች ያለ ክፍያ ትምህርት ሲሰጥ የኖረ ነው፤ እየሠራ ለተማረ ሰው ከዚህ የተሻለ ወንበር አናውቅም። ከሩቢ በኋላ ወደ ሰማያዊው ድንጋይ ወደ ሳፋየር ዞረ። ያው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ሰማያዊ የሚያደርገው ግን ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። ኮባልት ሲጨመርበት ቀለሙ እየሸሸ ይሰበሰብ ነበር፣ አንድ ወጥ አልሆነም። የተፈጥሮውን ሳፋየር ሲመረምር ብረትና ቲታኒየም አገኘ። አንዱ ብቻውን ሰማያዊ አያደርግም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው። በ1910 እና በ1911 ይህ ተሳካለት፣ የባለቤትነት መብትም ተመዘገበለት። ኤፕሪል 27 ቀን 1913 ፓሪስ ውስጥ በ56 ዓመቱ ሞተ።

ያ ቀይ ብርሃን ግን ሥራውን አልጨረሰም። ክሮሚየሙ አረንጓዴና ሐምራዊ ብርሃን ይውጣል፤ የዋጠውን ለጥቂት ሺህኛ ሰከንድ ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ በ694 ናኖሜትር ሞገድ፣ በጣም በጠበበ ቀይ መስመር ይለቀዋል። ቤከሬል በመሣሪያው ያየው ይህንኑ ቆይታ ነበር። ሜይ 16 ቀን 1960 በካሊፎርኒያ ቴዎዶር ሜይማን አንዲት የጣት አንጓ የምታህል የሮዝ ቀለም ሩቢ ወስዶ በጥምዝምዝ የፎቶግራፍ መብራት መካከል አኖራት፤ ሁለት ጫፎቿን በብር ለብጧቸዋል። መብራቱ ብልጭ ሲል ክሮሚየሞቹ ሁሉ የያዙትን ብርሃን በአንድነት ለቀቁት። የመጀመሪያው ሌዘር ይህ ነበር። ሩቢዋ ያደገችው ዱቄት በወንፊት ቁልቁል በሚረግፍበት፣ መዶሻ ጠቅ ጠቅ በሚያደርግበት፣ ቬርነይ በ1904 ባሳተመው ዓይነት እሳት ሥር ነው።